45 ዲግሪ የመድፍ ነው

ሁለተኛ ደረጃ የጨረሰ ሰው አግኝታችሁ «ድንጋይ በስንት ዲግሪ ቢወረወር ነው ሩቅ የሚሄደው?» ብትሉት ሳያመነታ ይመልስላችኋል፦ 45። የኬሚስትሪው ሠንጠረዥ ጠፍቶበት፣ የታሪኩ ዓመተ ምሕረት ተምታቶበት፣ ይህች ቁጥር ግን አትጠፋበትም። ልጁን የሚያስጠና አባት ያውቃታል። ስታዲየም ውስጥ ከፊቴ ተቀምጦ የነበረ አንድ ሰውዬም የእጅ ውርወራ ሊጥል በቆመው ተጫዋች ላይ «ከፍ አድርጋት፣ በ45!» እያለ ሲጮህ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከትምህርት ቤት ይዘን ከወጣነው ሁሉ እንደዚህች ሥር የሰደደ ነገር ጥቂት ነው። ችግሩ፣ ሰው በክንዱ ለሚወረውረውና በገላው ለሚዘለው ነገር የማትሠራ መሆኗ ነው። ከዚያ የሚብሰው ደግሞ ለምን እንደማትሠራ ስንጠየቅ የምንሰጠው ምክንያት ራሱ ስሕተት መሆኑ ነው።

እኔም ከመላሾቹ አንዱ ነበርኩ፤ ያውም ዋጋ የከፈልኩባት። አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለን ከስፖርት ፈተናዎቻችን አንዱ አሎሎ ውርወራ ነበር። የፊዚክስ ቲቸራችን የስፖርቱን ቲቸር ላግዝ ብለው፣ ሰሌዳ ላይ የሚሠሩበትን ትልቁን የእንጨት ፕሮትራክተር ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ሜዳ ወረዱ። አንድ በአንድ እያቆሙ፣ ክንዳችንን እየለኩ፣ «ቀና! ቀና! አርባ አምስት!» ይሉ ጀመር። በልምምድ ጊዜ ስምንት ሜትር ተኩል የማታመልጠኝ ልጅ የዚያን ቀን ሰባት ተኩል ላይ ጣልኳት። ከኔ ቀጥሎ፣ ልጅነቱን ከብት ሲጠብቅ ያሳለፈ ከገጠር የመጣ ጓደኛዬ ገባ። ቲቸር «ቀና!» ሲሉት እሱ አሎሎዋን ወደ ፊት ገፍቶ ለቀቃት፤ ዘጠኝ ተኩልን አልፋ አረፈች። ከሰልፉ አንዱ «ቲቸር፣ ይሄ እንዴት ነው?» ሲላቸው ቅንጣት አልተጨነቁም። «የአየር ፍትጊያ ነው» አሉ። ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን። እኔ ያንን መልስ ለብዙ ዓመት ይዤው ኖሬያለሁ።

አየሩ ግን በዚያ ሜዳ ላይ ምንም አላጠፋም። በዓለም ውድድር ወንዶች የሚወረውሩት አሎሎ 7.26 ኪሎ ነው፤ መሬት የምትስበው በ71 ኒውተን ገደማ። በሴኮንድ 14 ሜትር ሲበር አየሩ ወደ ኋላ የሚይዝበት ኃይል አንድ ኒውተን እንኳ አይሞላም፤ ከክብደቱ አንድ በመቶ በታች ማለት ነው። አሎሎ ብረት ነው እንጂ ላባ አይደለም። እኛ የወረወርናት ከዚያም ቀርፋፋ ስለነበረች አየሩ የበለጠ ተዋት። የሜዳውን አየር ጠራርጋችሁ ብታወጡት ኖሮ (መተንፈሱን ለጊዜው እንርሳው) ያ ልጅ በዚያው በሁለት ሜትር ይቀድመኝ ነበር። ደግሞስ ጥፋቱ የአየር ቢሆን፣ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች፣ አየሯም ከጠረፉ ከአንድ አምስተኛ በላይ የሳሳ ከተማ ስለሆነች፣ የአዲስ አበባ ወርዋሪ ከጅቡቲ ወርዋሪ ይልቅ ወደ 45 በተጠጋ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ያየ የለም።

ታዲያ ቀመሩ ራሱ ምን ይላል? ርቀት ማለት የፍጥነቱ ካሬ በአንግሉ እጥፍ ሳይን ተባዝቶ፣ ለመሬት ስበት ሲካፈል የሚገኘው ነው። ሳይን ጫፍ የሚደርሰው 90 ላይ ስለሆነ፣ እጥፉ 90 የሚሞላው አንግል 45 ይሆናል። ስሌቱ እንከን የለውም፤ ከስሌቱ ጋር ጠብ የለኝም። ጠቤ ስሌቱ ከመጀመሩ በፊት በሩ ላይ ከተቀመጡት ሦስት ቅድመ ሁኔታዎች ጋር ነው። አንደኛው አየር የለም ይላል፤ ይህንን መጽሐፍ ሁሉ በግልጽ ይጽፈዋል። ሁለተኛው መነሻና ማረፊያ እኩል ከፍታ ላይ ናቸው ይላል፤ ይህንንም ጠንቃቃ መምህር ሳይጠቅሰው አያልፍም። ሦስተኛው ግን ሳይጻፍና ሳይነገር እንደ ቤተ ዘመድ ሰተት ብሎ ይገባል፦ አንግሉን እንደፈለግህ ብትለውጠው ፍጥነቱ ያው ነው። ሰው ሊያሟላው የማይችለው ይህንን ነው።

ሁለተኛውን ቶሎ እንለፈው፤ ብዙ አያጣላም። አሎሎ ከወርዋሪው እጅ የሚለቀቀው ከመሬት ሁለት ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ነው። ማረፊያው ከመነሻው ዝቅ ሲል የሚሻለው አንግልም አብሮ ዝቅ ይላል። ለጓደኛዬ ብጤ ልጅ እናስላው፤ ከ1.8 ሜትር ከፍታ፣ በሴኮንድ 9 ሜትር። የሚሻለው አንግል 40 ዲግሪ ሆኖ ይወጣል፤ ርቀቱ 9.90 ሜትር። በዚያው ፍጥነት በ45 ቢለቀው 9.79 ይመጣል። ልዩነቱ 11 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከእጅ መዳፍ ብዙም አይበልጥ። በሴኮንድ 14 ሜትር ለሚለቅ ግዙፍ ወርዋሪ ደግሞ የሚሻለው አንግል 42 ገደማ ነው። ደካማው ወርዋሪ ከጠንካራው ይልቅ ዝቅ ማድረግ እንዳለበት ልብ በሉ፤ ቲቸር ግን አብዝተው ወደ ላይ ሲያነሱት የነበረው የኔን፣ የደካማውን ክንድ ነው።

ምርጥ የዓለም ወርዋሪዎች አሎሎን የሚለቁበት አንግል አማካዩ 37 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከ45 ወደ 42 ያወረደን የመልቀቂያው ከፍታ ነው። ከ42 ወደ 37 የሚያወርደን ማነው? አየር እንዳልሆነ አይተናል።

ጂም የገባ ሰው ሁሉ መልሱን ያውቀዋል፤ በፊዚክስ ቋንቋ የነገረው ሰው የለም እንጂ። በጀርባህ ተጋድመህ ከደረትህ የምትገፋው ብረት፣ ቆመህ ከራስህ በላይ ከምታነሳው ይበልጣል። ደረትና ትከሻ ወደ ፊት ሲገፉ የተባበሩትን ያህል ወደ ላይ ሲገፉ አይተባበሩም። በዚህ ላይ ወደ ላይ የሚገፋ ሰው ከጉልበቱ ከፊሉን የሚያወጣው አሎሎው ተመልሶ እንዳይወርድበት ብቻ ነው፤ ለፍጥነት የሚተርፈው የቀረው ነው። ስለዚህ ክንድህ ቀና ባለ ቁጥር አሎሎው ከእጅህ የሚወጣበት ፍጥነት ይቀንሳል። ኒክ ሊንቶርን የሚባለው የስፖርት ሳይንስ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተመው ጥናት ያሳየው ይህንኑ ነው፤ አንግሉ ሲጨምር ፍጥነቱ ይወርዳል፣ የሚወርድበት መጠንም ከሰው ሰው ስለሚለያይ ለሁሉም የሚሆን አንድ ምርጥ አንግል የለም። ይኸው ሰው ከባልደረባው ጋር በ2006 የእግር ኳሱን የእጅ ውርወራ መርምሮ የሚሻለውን አንግል 30 ዲግሪ አካባቢ አግኝቶታል። ከፊቴ ሲጮህ የነበረው ሰውዬ ይህንን ቢሰማ ምን ይል ይሆን?

ወደ ቅድሙ ስሌት እንመለስ። ልጁ ክንዱን ወደ 45 ሲያነሳ ፍጥነቱ ከ9 ሜትር ወደ 8.4 ወረደ እንበል። ርቀቱ 8.69 ሜትር ይሆናል። አንግሉ ብቻውን ያስከፈለው 11 ሴንቲ ሜትር ነበር፤ በፍጥነቱ መውረድ የተጨመረበት ኪሳራ 1.10 ሜትር ነው። አሥር እጥፍ! የኔ አንድ ሜትር የገባበትን ጉድጓድ ያገኘሁት ይህንን በወረቀት ስሠራ ነው።

የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። የቀመሩ አናት ሹል ጫፍ ያለው ተራራ አይደለም፤ አምባ ነው። ላዩ ላይ ወዲያና ወዲህ ብትል ብዙም አትወርድም። ከ45 አምስት ዲግሪ ብትስት ከርቀቱ የምታጣው 1.5 በመቶ ነው፤ አሥር ዲግሪ ብትስት 6 በመቶ። ፍጥነት ግን በካሬ ነው የሚገባው፤ አምስት በመቶ ፍጥነት ስታጣ አሥር በመቶ የሚጠጋ ርቀት ይሄዳል። ስለዚህ ቀመሩን በቅጡ ያነበበ ሰው ከውስጡ የሚያወጣው ምክር «አንግልህን ጠብቅ» ሊሆን አይችልም። «አንግሉን ተወው፣ ፍጥነቱን ያዝ» ነው ቀመሩ የሚለው። እኛ ከአንድ አረፍተ ነገር ውስጥ ትንሿን ቃል ቀድተን ትልቋን ጥለን ወጣን።

አሎሎው አላሳመነኝም የሚል ካለ ርዝመት ዝላይን ይይ። ማይክ ፓወል በ1991 ቶኪዮ ላይ 8.95 ሜትር ሲዘል፣ ቦብ ቢመን በ1968 ሜክሲኮ ሲቲ ላይ 8.90 ሲዘል፣ አንዳቸውም በ45 አልተነሱም። የዚህ ደረጃ ዘላዮች የሚነሱት 20 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከ45 ግማሽ እንኳ አይሞላም። ለምን ቢባል፣ ዘላዩ ወደ ሰሌዳው የሚመጣው እየበረረ ነው፤ ሰሌዳው ላይ ደግሞ ወደ ላይ የሚወረውረው አንድ እግር ብቻ፣ ያውም ለዓይን ጥቅሻ ያህል ጊዜ ነው ያለው። ወደ ፊት በሴኮንድ 9 ሜትር፣ ወደ ላይ 3.5 ሜትር እንስጠው። ወደ 21 ዲግሪ ይመጣል፤ አየር ላይ በሚቆይበት ጊዜ 6.4 ሜትር ይጓዛል። የቀረውን የሚሞላው ገላው ሲነሳ ቀጥ ብሎ ሲያርፍ መታጠፉና እግሩን ወደ ፊት መዘርጋቱ ነው። አሁን በ45 ይነሳ እንበል። 45 ማለት ወደ ፊትና ወደ ላይ ያለው ፍጥነት እኩል ነው ማለት ነው። ወደ ላይ ያለውን ማሳደግ ካልቻለ ወደ ፊት ያለውን ወደ 3.5 ማውረድ አለበት፤ ሶምሶማ ማለት ነው። ያኔ የሚጓዘው 2.5 ሜትር ነው። «የለም፣ ጠቅላላ ፍጥነቱን ሳይቀንስ በ45 ይነሳ» የሚል ቢመጣ ደግሞ፣ ወደ ላይ በሴኮንድ 6.8 ሜትር መነሳት አለበት፤ የገላው ሚዛን ከነበረበት 2.4 ሜትር ያህል ወደ ላይ ሊወጣ ነው። የከፍታ ዝላይ ባለ ክብረ ወሰኑ ሃቪየር ሶቶማዮር 2.45 ሜትር ላይ የተሰቀለ ዘንግ ሲያልፍ እንኳ የገላውን ሚዛን ያነሳው የዚህን ግማሽ ገደማ ነው፤ ቆሞ ሳለ ሚዛኑ ከመሬት ከአንድ ሜትር በላይ ነበርና።

እንግዲህ ይህች ቁጥር ከየት መጥታ ነው ትከሻችን ላይ የተቀመጠችው? ከመድፍ ነው የመጣችው። በ1531 ቬሮና ከተማ ውስጥ አንድ መድፈኛ፣ ኒኮሎ ታርታሊያ የሚባለውን የሒሳብ ሊቅ ወዳጁን መድፉን ምን ያህል ቀና ቢያደርገው ጥይቱ ሩቅ እንደሚሄድ ጠየቀው። ታርታሊያ በ1537 ባሳተመው መጽሐፉ 45 አለ። መቶ ዓመት ቆይቶ ጋሊሊዮ በ1638 መንገዱ ፓራቦላ መሆኑን አሳይቶ ቁጥሯን በጂኦሜትሪ አጸናት፤ ከ45 እኩል ከፍና ዝቅ ያሉ ሁለት አንግሎች እኩል ርቀት እንደሚሰጡም ጨመረበት። ለመድፍ ያ ሦስተኛው ቅድመ ሁኔታ ይሠራል። ባሩድ አንግል አያውቅም። አፈሙዙ ወደ ሰማይም ይቅና ወደ ሜዳም ይጋደም፣ ያው ባሩድ ያንኑ ጥይት በዚያው ፍጥነት ይተፋዋል፤ ትከሻ የለው፣ ጡንቻ የለው። ጥያቄው የመድፈኛ ነበር፤ መልሱም የመድፍ ነው። ከዚያ በኋላ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው አንዱ መጽሐፍ ከሌላው እየቀዳ «መድፍ» የሚለውን «ድንጋይ» ብሎ፣ ቀጥሎ «ኳስ» ብሎ፣ ቁጥሯን ወደ ሰው ክንድ ያሻገራት።

(ሁሉም መድፍ ርቀት ይፈልጋል ማለቴ አይደለም። ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ አምሳያው የቆመው ሴባስቶፖል አጭርና ወፍራም አፈሙዝ ያለው ሞርታር ነው። የዚህ ዓይነቱ መሣሪያ ከ45 በላይ ቀና የሚለው ጥይቱን ከግንብ በላይ አሻግሮ ከላይ ለመጣል ነው። ማማ ላይ ቆሞ ወፍ የሚጠብቅ ልጅም ወንጭፉን ሲያስወነጭፍ ድንጋዩ የት ድረስ ይሄዳል አይልም፤ ወፏ የት አለች ነው የሚለው።)

የሚያስቀው፣ 45 ለገዛ ወላጇ ለመድፉም አልበጀችም። ጋሊሊዮ ራሱ እንደ ባሩድ ጥይት ያለ እጅግ ፈጣን ነገር ከስሌቱ ሊወጣ እንደሚችል አስጠንቅቆ ነበር፤ የሰማው ጥቂት ነው። በ1742 እንግሊዛዊው ቤንጃሚን ሮቢንስ የጥይትን ፍጥነት የሚለካበት ዘዴ ፈጥሮ ሲያሰላው፣ 24 ፓውንድ የሚመዝን የመድፍ ጥይት በቀመሩ መሠረት 16 ማይል መሄድ ሲገባው በተግባር 3 ማይል እንደማይሞላ አሳየ። እዚህ ላይ አየሩ በእርግጥ ጥፋተኛ ነው፤ ከድምፅ ፍጥነት በላይ ለሚሄድ ጥይት አየር ግድግዳ ማለት ነው። ታላቁ ኦይለር የሮቢንስን መጽሐፍ በ1745 ወደ ጀርመንኛ የተረጎመው ነገሩ ክብደት ስላለው ነው።

ግን አየሩ ሁልጊዜ አንግሉን ዝቅ ያደርጋል ብሎ መደምደምም ሌላ ስንፍና ነው። በ1918 ጀርመኖች ፓሪስን ከ120 ኪሎ ሜትር ርቀት የደበደቡበት መድፍ ቀና የሚለው ወደ 50 ዲግሪ ገደማ ነበር፤ ከ45 በላይ። ጥይቱ ወፍራሙን የታችኛውን አየር ቶሎ ጥሶ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ላይ ይወጣና አብዛኛውን መንገዱን የሚሄደው አየር ከሞላ ጎደል በሌለበት ነው። ጎልፍ ደግሞ ወደ ተቃራኒው ይወስደናል። ባለሙያ ጎልፍ ተጫዋች በትልቁ ዱላ ሲመታ ኳሷ የምትነሳው 11 ዲግሪ አካባቢ ሆና 250 ሜትር ያህል በአየር ትሄዳለች፤ ወደ ኋላ እየሾረች ስለምትበር አየሩ ራሱ ደግፎ ይይዛታል። ወደ ላይ የሚያነሳት አየር ካለ አንግሉ ለምን ያንሳላት? አንዱ ከ45 በላይ፣ ሌላው ከሩቡ በታች፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው። ለዚያ ጥይትና ለዚያች ኳስ ብቻ ግን።

መምህራን ምን እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ ብለውኛልም። «ፊዚክስ የሚጀምረው ከማቅለል ነው። ልጁ መጀመሪያ ቀላሉን ይማር፣ ውስብስቡን ዩኒቨርሲቲ ይደርስበታል።» በማቅለሉ እስማማለሁ። ማቅለል ግን የጣሉትን ነገር ስም ጠርቶ መጣል ነው። «አየር የለም እንበል» ሲባል ተማሪው ምን እንደተቀነሰበት ያውቃል፤ አንድ ቀን ሊመልሰው ይችላል። «ፍጥነቱ ከአንግሉ ጋር አይለወጥም እንበል» ተብሎ ግን አያውቅም፤ ስላልተባለም የሚመልሰው የለም። ተማሪው ዩኒቨርሲቲም ገብቶ ያው 45ን ይዞ ይወጣል፤ አሠልጣኝ ሆኖ ሜዳ ሲወርድም ክንድ ያነሳል። የኦሎምፒክ ሜዳሊያዎቻችን በሙሉ ከሩጫ የመጡ ናቸው። ለዚያ ብዙ ምክንያት አለ፤ 45 ዲግሪ ነው የበደለን አልልም፣ ያ ማጋነን ይሆናል። ነገር ግን በውርወራ ገና ጀማሪ የሆነ አገር ለጀማሪ ወርዋሪዎቹ ከሁሉ በፊት የሚሰጠው ምክር የማይሠራላቸው ባይሆን ጥሩ ነበር።

መዶሻ ውርወራስ የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ከውርወራዎች ሁሉ ለ45 የሚቀርበው እሱ ነው። ፍጥነቱን የሚሰጠው እየዞሩ ማሽከርከር ስለሆነ፣ የትከሻ ግፊት ያለበትን ያህል ጣጣ የለበትም። ይህም ቢሆን ለኔ ነው የሚመሰክረው፤ የወርዋሪው ገላ ወደ መድፍነት በቀረበ ቁጥር አንግሉም ወደ መድፉ ቁጥር ይቀርባል።

ይህንን ለመፈተን ደግሞ ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። ተማሪዎቹን ከጎን ሆኖ በሞባይል መቅረጽ፣ ቪዲዮውን ምስል በምስል እያቆሙ አንግሉንና ፍጥነቱን ማውጣት፣ ርቀቱን በሜትር መለካት ነው። አንድ ልጅ በ30፣ በ35፣ በ40፣ በ45 ሲወረውር ፍጥነቱ እንዴት እንደሚወርድ በዓይኑ ያያል። የራሱን አንግል ራሱ ያገኘዋል፤ ከጎኑ ያለው ጓደኛው ሌላ አንግል ሲያገኝም ለምን ብሎ ይጠይቃል። ፕሮትራክተሩ የሚጠቅመው ያኔ ነው፤ ከተወረወረ በኋላ።

የፈተና አውጪ ግን አንድ ትክክለኛ መልስ ይፈልጋል፤ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ። ይግባኛል። 45ንም አትንጠቁን ካላችሁ አልነጥቃችሁም፤ የምትሠራበት ቦታ አላትና። ግቢያችሁ ውስጥ የውሃ ጎማ ዘርጉና አፉን መሬት አስጠግታችሁ ክፈቱት። ግፊቱ ከቧንቧው ነው የሚመጣው፤ አንግሉን ስትለውጡ ፍጥነቱ አይለወጥም፤ ውሃው ከወጣበት መሬት ላይ ይወድቃል፤ ዝግ ብሎ ስለሚሄድም አየሩ እምብዛም አይጎዳው። ጎማውን ቀና ዝቅ አድርጉት፤ ውሃው ከሁሉ የራቀውን የአትክልት መደብ ሲያጠጣ 45 አካባቢ ናችሁ። ስለዚህ ጥያቄው ውስጥ «ድንጋይ» የሚለውን ሰርዛችሁ «የውሃ ጎማ» ብላችሁ ጻፉበት፤ መልሱን አልነካባችሁም።